ጥቆማ፦ ፀጉር ላይ የተከማቸ ቅባትና የውሃ ካልሲየም በድሬና በሐረር በርካሽ በምን ይጸዳል?

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦
ሹሩባ ተፈትቶ፣ በሻምፖ ሁለቴ ታጥቦም ሰም የተቀባ ለሚመስል ፀጉር ምን ትመክራላችሁ? ቅቤ፣ ቫዝሊንና ጄል የሚበዛበት ነው፤ ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) አልነካውም። ውድ ነገር አይታሰብም፣ የሚያደርቅም አይሁን። ፀጉር ቤት መሄድ ይሻላል ካላችሁም ምን ብዬ ልጠይቅ?

ከከዚራ፦
እህቴ፣ ከመግዛትሽ በፊት የተከማቸው ምን እንደሆነ ለዪ። አንድ ዘለላ ፀጉር በደረቁ በሁለት ጣት ይዘሽ ወደ ታች ሳቢ። ጣትሽ ላይ ቅባት ወይም ግራጫ ዝቃጭ ከቀረ የቅቤውና የጄሉ ነው። ጣትሽ ንጹሕ ሆኖ ፀጉሩ ግን ሻካራና የፈዘዘ ከሆነ የውሃው ነው። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ፀጉር ላይም ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ተደራርበው ነው የሚገኙት፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቅባቱን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ ካልሲየሙን በአቼቶ ማሟሟት ነው። ቅደም ተከተሉን ካዛባሽው አቼቶው በቅባቱ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል።

ደረቅ ሳሙና በፍጹም አትጠቀሚ። ከውሃው ካልሲየም ጋር ተዋህዶ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ ሳፋው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ቀለበት እሱ ነው። አልለቅ ሲል ሳሙና የሚጨምር ሰው ክምችቱን ራሱ እየጨመረ ነው።

ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ይረጋል፣ ለብ ባለ ውሃ ግን ይለቃል። ከሰዓት በኋላ የሮቶው ውሃ ሲሞቅ መታጠብ ማገዶም አይጠይቅም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሻምፖ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጪና በጣት ጫፍ የራስ ቆዳሽን ብቻ እሺ፤ ለጫፉ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ዙር አረፋ ካላወጣ ሻምፖው በቅባቱ ስለተያዘ ነው፤ አለቅልቀሽ በግማሹ መጠን ድገሚ። ቫዝሊን በሻምፖ ብቻ አይለቅም። ከመታጠብሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ጥቂት የምግብ ዘይት ቀብተሽ አሺው፤ ዘይቱ ቫዝሊኑን ያላላዋል፣ ሻምፖው ሁለቱንም ይዞ ይወጣል።

ታይዋን ገበያ ሄደሽ ሻምፖ ስትገዢ ከፊቱ ሥዕል ይልቅ ጀርባውን አንብቢ። ዝርዝሩ ውስጥ ኢዲቲኤ (EDTA) ካለ ካልሲየሙን ለመያዝ ያግዛል። ዲሜቲኮን (dimethicone) የሚባለው ሲሊኮን ካለበት፣ ወይም ሻምፖና ኮንዲሽነር በአንድ ላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የሚያለሰልሰው ሌላ ሽፋን ጨምሮ ነው።

ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፦
ሻምፖ ሳትገዢ ቀሲል ሞክሪ። የቁርቁራ ቅጠል ደርቆ የተፈጨ ነው፤ ሶማሌ እናቶች ለፊትም ለፀጉርም ይጠቀሙበታል። ቅጠሉ በተፈጥሮው አረፋ የሚያወጣ ሳፖኒን አለው፤ እንደ ሳሙናም ከካልሲየሙ ጋር ተጣብቆ ዝቃጭ አይሠራም። ለዚህ አካባቢ ውሃ ከሱ የሚስማማ ነገር አላውቅም።

ስትገዢ ፈትኚው። አንድ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ በደንብ ናጪ፤ ጥሩ ከሆነ አረፋው ደቂቃዎች ይቆያል። ወዲያው ከጠፋ ያረጀ ወይም ሌላ ቅጠል የተቀላቀለበት ነው። ውሃው ደማቅ አረንጓዴ ከሆነብሽም ቀለም ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፣ ተዪው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሊጡን እንዳለ ፀጉር ላይ መለጠፉ ላይ ነው። ዱቄቱ ጥቅል ፀጉር ውስጥ ይቀርና ለሳምንት ሲራገፍ ይከርማል፤ ፎረፎር ነው ብለው የሚደነግጡም አሉ። ይልቅ አራት የሾርባ ማንኪያ በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈሽ ሃያ ደቂቃ አቆዪው፣ በስስ ጨርቅ አጥልይና በውሃው ብቻ ታጠቢ። ዓይን ስለሚያቃጥል ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ አድርጊ። የተረፈውን ለነገ አታስቀምጪ፣ ይበላሻል።

እንዶድም አረፋ ያወጣል ብሎ የሚመክርሽ አይጠፋም። እንዶድ ለልብስ ነው፤ ዓይንና ቆዳ ክፉኛ ያስቆጣል።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦
አቼቶው ስንት ይሁን? በሎሚ ቢተካስ? ቤኪንግ ሶዳም ይባላል።

ከከዚራ፦
ጠርሙሱ ላይ 5% የሚል ከሆነ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ ሊትር ውሃ። አንዱ ሊትር አቼቶ ሠላሳ ጊዜ ያህል ያጥባል፣ ከዚህ የረከሰ የለም። ከ5% በላይ ከሆነ በዚያው ልክ ቀንሺ። ከታጠብሽ በኋላ አፍስሺው፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቂ፣ አለቅልቂና ኮንዲሽነር አድርጊ። ፀጉሩ ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል። የራስ ቆዳ ላይ ቁስል ካለ ግን አታድርጊው። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የዝናብ ውሃ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ አፍልተሽ አቀዝቅዢና ከላይ የጠራውን ብቻ ቅጂ፤ ከካልሲየሙ ከፊሉ ከሥር ይዘቅጣል።

ሎሚ ተዪ አቦ! በድሬ ፀሐይ አደገኛ ነው። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ግንባርና አንገት ላይ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ቤኪንግ ሶዳም ፀጉሩን ያሳብጠዋል፣ የላይ ሽፋኑን ይከፍተዋል፤ ያኔ ይቋጠራል፣ ሲበጠርም ይሰበራል።

ከለገሃሬ፣ የፀጉር ባለሙያ፦
ስለ ሹሩባው ልጨምር። ሹሩባ ሲፈታ ሥሩ ላይ የአቧራና የጄል ቋጠሮ አለ። እሱ ሳይወጣ ፀጉሩ ውሃ ከነካ ይጠፈርና መቀስ ካልሆነ አይፈታም። በደረቁ ኮንዲሽነር ወይም ዘይት ቀብተሽ በጣት ለያዪ፣ ከዚያ ከጫፍ ወደ ሥር በሚዶ አበጥሪ፣ ውሃው በመጨረሻ።

ፀጉር ቤት ከሄድሽ «ትሪትመንት» አትበዪ። አብዛኛው ትሪትመንት የሚቀባ ነው፤ ባልጸዳ ፀጉር ላይ ሲጨመር ክምችቱን ያወፍረዋል። «በሁለት ዙር እጠቢልኝ፣ ቅባት አትጨምሪ፣ ካስክ ስገባ ሙቀቱን ቀንሺ» በዪ፤ አቼቶሽን በጥብጠሽ በጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ዋጋውን ወንበሩ ላይ ሳትቀመጪ ጠይቂ፣ የካስኩ ለብቻው ይሁን አይሁን አስለይ። ማጠብ ብቻ ከሆነ ቤትሽ ይበቃሻል። ባለሙያ የሚያስፈልገው ቋጠሮው በእጅ አልፈታ ሲል ነው።

ይህን ማጽዳት በወር አንዴ አድርጊው፣ ከዚያ ካበዛሽው ይደርቃል። ሂና የምታደርጊ ከሆነ ከሂናው በፊት አጽጂ፣ ቀለሙ እኩል እንዲይዝ። ሪላክሰር ልትጀምሪ ካሰብሽ ግን በዚያ ሳምንት አታጽጂ፤ የታሸ የራስ ቆዳን ሪላክሰሩ ያቃጥለዋል።

ከሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፦
አንድ ነገር። ጸድቶም የሚያሳክክ፣ ቢጫ ቅርፊት የሚያወጣ ከሆነ ክምችት ሳይሆን የራስ ቆዳ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲ ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ጠይቂ፤ በሳምንት ሁለቴ፣ አምስት ደቂቃ አቆይቶ ማለቅለቅ፣ ለአራት ሳምንት። ሕክምናው እስኪያልቅ ቅቤውን ተዪው፤ ያ ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነው።