የልብ ዕጢ ያለበትን ውሻ ማከም ወይስ ማሳረፍ?

የቀረበው ጥያቄ፦ ውሻው ድንገት ወድቋል፤ ድዱ ነጥቷል። አልትራሳውንዱ በልብ ከረጢቱ ውስጥ ፈሳሽ፣ በቀኝ የላይኛው የልብ ክፍል ላይ ዕጢ አሳይቷል። ይታከም ወይስ በመርፌ ይረፍ (ያለ ሥቃይ እንዲሞት ይደረግ)?

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ ይረፍ ባይ ነኝ። እዚያ ቦታ ላይ የሚበቅለው አብዛኛውን ጊዜ ሄማንጂዮሳርኮማ የሚባል አደገኛ ካንሰር ነው። ከደም ሥር ሕዋስ ስለሚነሳ ወደ ሳንባና ጉበት ቶሎ ይዛመታል። ፈሳሹን ዛሬ ብንቀዳው ዕጢው እንደገና ይደማል፤ እንስሳው ያንኑ ጭንቅ ደግሞ ያያል።

የካንሰር ሐኪም፦ መዛመቱ እውነት ነው ዶክተር፤ ጊዜው ግን ከንቱ አይደለም። በ2016 በታተመ ጥናት ሕክምና ካላገኙት ውሾች ግማሾቹ 12 ቀን አልሞላቸውም፤ ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ከተሰጣቸው ግማሾቹ 116 ቀን አልፈዋል። የተለመደው መጠን በየ3 ሳምንቱ በስኩዌር ሜትር የሰውነት ስፋት 30 ሚሊ ግራም፣ ለትናንሽ ውሾች በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋውን ስለሚገድል፣ ደም ሥሩ ገና በመጀመሪያ ሲወጋ በትክክል የገባ አዲስ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ያስፈልጋል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ በዚያ ጥናት ግን ዕጢው ሄማንጂዮሳርኮማ ነው የተባለው በግምት ነው፤ ሁሉም በናሙና አልተረጋገጠም።

የልብ ሐኪም፦ እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ለማሳረፍ አትቸኩሉ። በወሳጁ ዋና የደም ቧንቧ ሥር ያለ ዕጢ ኬሞዴክቶማ የሚባል ሌላ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ቦክሰርንና ቡልዶግን ያጠቃል፣ አዝጋሚ ነው። በአንድ ጥናት ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና የተነሳላቸው ግማሾቹ 730 ቀን ሲያልፉ፣ ያልተነሳላቸው ግማሾቹ ከ42 ቀን አላለፉም። ዕጢው ጎልቶ የሚታየው ፈሳሹ ሲከበው ስለሆነ፣ ውሻው ከታገሠ ሳትቀዱ በፊት ፈልጉት። እየወደቀ ከሆነ ግን ቅዱ።

ስትቀዱ ከቀኝ ጎን፣ በ4ኛውና በ6ኛው የጎድን ክፍተቶች መካከል ግቡ፤ ዋናዎቹ የልብ ደም ሥሮችና ሳንባው በዚያ በኩል ብዙም አይጋለጡም። የጎድን ደም ሥሮች ከአጥንቱ የኋላ ጠርዝ ስለሚሄዱ መርፌው የፊቱን ጠርዝ ይከተል። ኢሲጂ (የልብ ምት መከታተያ) ሳይለቅ ይታይ፤ ምቱ ከተዘበራረቀ መርፌውን ሳብ አድርጉ። የወጣውን ደም በባዶ ብልቃጥ አቆዩት፦ ከረጋ፣ መርፌው ልብ ውስጥ ገብቷል ወይም ዕጢው አሁን እየደማ ነው። ሁሉንም ማውጣት ግድ አይደለም፤ ጥቂት ሲወጣ እንኳ ግፊቱ ይወርዳል።

የካንሰር ሐኪም፦ ላሲክስ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) የሚሰጡም አሉና ይህም ይታወቅ፤ በፈሳሹ የታፈነው ልብ የሚሞላበትን ደም ቀንሶ ውሻውን ይጥለዋል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፦ ይህን ተቀብያለሁ። ፈሳሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቀዳ፣ የዕጢው ቦታም ይለይ። በቀኝ ክፍል ላይ ሆኖ ፈሳሹ በቀናት ውስጥ ከተመለሰ ግን ማሳረፍን ለባለቤቱ በግልጽ እነግራለሁ።