ኮሎራዶ ያለው ወንድሜ ያለ ጥፋቱ ታሰረ፤ የፖሊሶቹን የደረት ካሜራ ቪዲዮ እንዴት እናግኝ?

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኮሎራዶ ውስጥ ኡበር ይሠራል። ማታ መኪናው ውስጥ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ፖሊሶች የሚፈልጉት ሌላ ሰው መስሏቸው ጎትተው አወረዱትና መሬት ላይ ጣሉት። እጁ ተሰብሯል። ሰውየው እሱ እንዳልሆነ ሲያውቁ ደግሞ «ስንይዘው ታግሎናል» ብለው ከሰሱት። አሁን ዐቃቤ ሕጉ «ጥፋተኛ ነኝ በል፣ ትንሽ ቅጣት ከፍለህ ትገላገላለህ» ብሎታል። ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ ነበራቸው። ቪዲዮውን ማግኘት ይቻላል? ለመክሰስስ ይጠቅማል? ዘመዶች ቲክቶክ ላይ ይለቀቅ እያሉ ነው። እናታችን እህል አልቀምስ ብላለች፤ የምታውቁ እባካችሁ።

መልስ፦ የከዚራ ልጅ፣ ዴንቨር
እህቴ፣ አላህ ያሽረው። ከሁሉም በፊት እንዳይፈርም! ዛሬውኑ ደውዪለት። ጥፋተኛ ነኝ ካለ በኋላ «ያለ አግባብ ታሰርኩ» ብሎ የሚያቀርበው የካሳ ክስ በአብዛኛው ይዘጋበታል። ዜግነት ካልወሰደ ደግሞ መኖሪያ ፈቃዱንም ሊነካበት ይችላል። ይህን ለደንበኛው የማስረዳት ግዴታ የተከላካይ ጠበቃው እንደሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ስለዚህ በግልጽ ይጠይቀው።

ስለ ቪዲዮው፦ ኮሎራዶ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ በ2020 ጠንከር ያለ ሕግ አውጥታለች። ስለ ፖሊስ በደል አቤቱታ ቀርቦ ቪዲዮው ሲጠየቅ በ21 ቀን ውስጥ መልቀቅ አለባቸው፤ ምርመራን በእጅጉ የሚያደናቅፍ ከሆነ እስከ 45 ቀን ሊቆይ ይችላል። የወንጀል ክሱ ገና ስላልተዘጋ ግን አጭሩ መንገድ ተከላካይ ጠበቃው ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃውን ለእሱ ማስረከብ አለበት። የአንዱን ፖሊስ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም ይጠይቅ። አንዱ ካሜራ ትግል ውስጥ ሲጨልም ሌላው ከጎን ቆሞ ሁሉንም ያሳያል።

መልስ፦ ሕግ ያጠናሁ፣ ድሬዳዋ
ከላይ የተባለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቪዲዮ ሁልጊዜ ለከሳሽ አያደላም። እዚያው አሜሪካ በ2007 (በፈረንጅ) በተወሰነ አንድ መዝገብ፣ ፖሊስ ሲያሳድደው ተጋጭቶ ሽባ የሆነ ሹፌር ከስሶ ነበር። ዳኞቹ የፖሊስ መኪናውን ቪዲዮ አዩና የሹፌሩን ቃል ሳይቀበሉ ቀሩ። ስለዚህ ወንድምሽ ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት ለማንም ዝርዝር ቃል አይስጥ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ቁልፉ ከመጫኑ በፊት ያለውን 30 ሰከንድ ያህል ያለ ድምፅ ነው የሚይዙት፤ ድምፅ የለም ብላችሁ ወዲያው ተቆርጧል እንዳትሉ። ካሜራውን ሆን ብለው ካላበሩት ወይም ከነካኩት ግን የኮሎራዶ ሕግ የጎደለው ክፍል በደሉን ያሳይ ነበር ብሎ ለመገመት ይፈቅዳል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ያክብራችሁ። ቲክቶኩስ? ደግሞ ጊዜ ያልፍብናል?

መልስ፦ የከዚራ ልጅ፣ ዴንቨር
ቲክቶኩ ይቅር። ጠበቃው ሳያውቅ የሚለጠፍ ነገር ነገ የሚመዘዘው በእሱ ላይ ነው። በክፍለ ግዛቱ ሕግ ለመክሰስ ሁለት ዓመት አለው፤ በዚህ ክስ ፖሊሶቹ በፌዴራል ክስ የሚከለሉበት ያለመከሰስ መከላከያ አይሠራላቸውም። አካባቢው ያለ ሱቅ ካሜራ ግን ሁለት ዓመት አይጠብቅም፣ በቀናት ውስጥ በላዩ ላይ ሊቀዳበት ይችላል። ዛሬ ሄዶ ባለሱቁን ይለምን። የካሳ ጉዳይ የሚይዙ ብዙ ጠበቆች ካሸነፉ ብቻ ነው የሚከፈላቸው፤ ከድሬ ገንዘብ እንሰብስብ ብላችሁ አትጨነቁ።

ጥያቄ፦ ገንደ ቆሬ
ይቅርታ በመሃል፣ እዚሁ ድሬ ቢሆንስ?

መልስ፦ ሕግ ያጠናሁ፣ ድሬዳዋ
በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካሳው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 ይጠየቃል፤ በመርህ ደረጃ ጊዜው እዚህም ሁለት ዓመት ነው። ካሜራ ባይኖር ያየ ሰው ምስክርነትና በዕለቱ የተወሰደ የሕክምና ማስረጃ ትልቅ ዋጋ አላቸው።

ጠያቂዋ፦
ደወልኩለት፣ አልፈረመም! ጠበቃው የሁሉንም ካሜራ ቪዲዮ በጽሑፍ ሊጠይቅለት ነው። ራጁንም ከሆስፒታሉ እንዲያወጣ ነግሬዋለሁ።