ለኮምጣጣ አፈር የሚሆን የስንዴ ዝርያ ማግኘት ይቻላል ወይ?

የዳባቱ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ከተማ ቢሆንም ዳባት ያለውን የወላጆቼን ማሳ ከወንድሜ ጋር አርሳለሁ። በቀዩ አፈር ላይ የዘራነው ስንዴ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ይቀጭጫል፤ ዩሪያም ኤን ፒ ኤስም ብንጨምርለት አይሻለውም። ባለፈው ነሐሴ ከማሳው መሀል አንድ ቡቃያ ነቅዬ ሳይ ሥሩ አጭር፣ ወፍራምና ቡናማ ነው፤ ቅርንጫፍ የለውም ማለት ይቻላል። እናታችን ለዓመታት የምድጃ አመድ ስትደፋበት ከኖረችው ጓሮ የነቀልኩት ግን፣ በዚያው ቀን ከዚያው ዘር የተዘራ ሆኖ ሳለ፣ ነጭና እንደ ጸጉር የተበተነ ሥር ነበረው። አፈሩ ተመርምሮ ፒ ኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) 4.8 ሆኗል። ኮምጣጣነቱን እንዲቀንስልን ኖራ እንድንጨምር ተነግሮናል፤ ነገር ግን ብዙ ኩንታል ኖራ እስከ ማሳው ማድረስ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ፣ አፈሩን ከመለወጥ ይልቅ አፈሩን የሚችል ስንዴ ማዳቀል አይቻልም ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

የአዝርዕት ማሻሻል ተማሪ፦
ወንድሜ፣ የነቀሉት ሥር ምክንያቱን አሳይቶዎታል። የአፈሩ ፒ ኤች ከ5.5 በታች እየወረደ ሲሄድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዘዋል፤ ጫፉ ካላደገ ደግሞ ሥሩ ውኃና ምግብ ፍለጋ ወደ ታች መዝለቅ አይችልም። ያው አሉሚኒየም ከብረት ጋር ሆኖ ፎስፈረሱን ስለሚይዘው፣ ከጨመራችሁት ማዳበሪያ ሰብሉ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አዎ፣ ይቻላል። የብራዚል ገበሬዎች ለረጅም ጊዜ የታገሉት ከዚሁ ዓይነት አፈር ጋር ነው፤ ቢ ኤች 1146 የተባለው ዝርያቸውም በዚህ ጠባዩ በዓለም የታወቀ ነው። የሚችለው ስንዴ ከሥሩ ጫፍ ማሌት የተባለ አሲድ ያመነጫል፤ ማሌቱም አሉሚኒየሙን ገና ከሥሩ ደጃፍ ላይ ይዞ መርዝነቱን ያበርደዋል። ይህን ሥራ የሚመራውን ዘረ መል የጃፓንና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ለይተው አውጥተውታል፤ የሚገኘውም 4ዲ በተባለው ክሮሞሶም (ዘረ መሎችን በሚሸከመው ክር) ላይ ነው።

ለእኛ አገር ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የዳቦ ስንዴ ኤ፣ ቢ እና ዲ የተባሉ ሦስት የክሮሞሶም ወገኖች ሲኖሩት፣ አባቶቻችን ሲዘሩት የኖሩት የዱረም ስንዴ ግን ዲ የለውም። ስለዚህ ይህ ዘረ መል በተፈጥሮው የለውም፤ በኮምጣጣ አፈር ላይ ይበልጥ የሚጎዳበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በቀዩ አፈር ላይ የምትዘሩት ዱረም ከሆነ በቅድሚያ ወደ ዳቦ ስንዴ ብትመለሱ ይሻላል።

ለመለየቱም ቀላል መንገድ አለ። የበቀለውን ዘር አሉሚኒየም ባለበት ውኃ ውስጥ አቆይቶ ሄማቶክሲሊን በተባለ ቀለም መንከር ነው፤ የማይችለው ሥር ጫፉ ሐምራዊ ሲሆን የሚችለው ብዙም ቀለም አይዝም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ቡቃያዎችን ማጣራት ይቻላል።

የግብርና ባለሙያ ከወገራ፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ስጋት አለኝ። አፈሩ የኮመጠጠው ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደው፣ ጭዱ ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ስለሄደና ዩሪያውም በበኩሉ ስለሚያኮመጥጠው ነው። የሚችል ዘር ስላገኘን ኖራውን ከተውነው አፈሩ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ይሄዳል፤ በዚያ መሬት ላይ ባቄላና ገብስ ጨርሶ ማብቀል ያቅተናል።

የአዝርዕት ማሻሻል ተማሪ፦
ስጋትዎን እጋራለሁ፤ ኖራውን ተዉት አላልኩም፣ አልልምም። ነገር ግን ኖራ ወደ ታች የሚወርደው እጅግ በዝግታ ነው፤ ማረሻችን ደግሞ የሚገለብጠው የላዩን አፈር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው መርዛም እንደሆነ ይቆያል። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቋርጥ ሰብሉን የሚያድነው ወደዚያ ጥልቀት የሚዘልቅ ሥር ነው፤ ዝርያው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሌላው የሚያሳስበኝ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የዳቦ ስንዴ ዝርያ እንዴት እንደጎዳው የሚያስታውስ ሰው፣ ኮምጣጣ አፈርን ቢችልም ዋግን የማይችል ዘር ለገበሬ መስጠት እንደማይገባ ያውቃል። ሁለቱን ጠባይ በአንድ ዘር ማዋሐድ የብዙ ዓመት ማዳቀል ይጠይቃል።

የዳባቱ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምንዘራው ዱረም መሆኑን ወንድሜን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ኖራ ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል እንዳለበት ስለሰማሁ፣ በግንቦት ለሩብ ሄክታሩ ግማሽ ብቻ የሚሆን ኖራ እናስጭናለን፤ በሁለቱም በኩል የዳቦ ስንዴና የራሳችንን ዱረም ጎን ለጎን ዘርተን በነሐሴ ሥራቸውን ነቅዬ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።