ጓደኛሞቹ መጨረሻ ላይ ይጣሉ ወይስ አይጣሉ?

አንባቢት፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ጥያቄ የኔ ነው። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚጻፉ ብዙ ልብ ወለዶች አንድ መንገድ አላቸው። ሁለት ሴት ጓደኛሞች በፈቃዳቸው ወደ ግንባር ይሄዳሉ። ቁስለኛ ያነሳሉ፣ ፋሻ ያጥባሉ፣ ሌሊት በሻማ ሻይ እየጠጡ ምስጢር ያወራሉ። አንዷ ፓይለት ታገባለች ወይ ትሞታለች። ጦርነቱ ያልቃል፣ ጓደኝነቱ ይቀጥላል። እኛም አልቅሰን መጽሐፉን እንዘጋለን።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ታሪኩ ከእውነተኛ ሰዎች ከተወሰደ፣ እነዚያ ሴቶችም በኋላ ከተለያዩ፣ ደራሲው መለያየቱን ሊተወው ይችላል? እኔ አይችልም ባይ ነኝ።

መነሻዬ ኤልሲ ኖከርና ማይሪ ቺዝም ናቸው። ለማታውቋቸው ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኤልሲ እንግሊዛዊት ናት፣ ማይሪ ስኮትላንዳዊት። ያገናኛቸው የሞተር ሳይክል ፍቅር ነው። በ1914 ጦርነቱ ሲጀመር ኤልሲ 30 ዓመቷ፣ ማይሪ ገና 18። ኤልሲ የሠለጠነች ነርስ ነበረች። ማይሪ የሕክምና ትምህርት የላትም፤ ሞተር ላይ ግን ማንም አይችላትም። ከአንድ የአምቡላንስ ቡድን ጋር ቤልጂየም ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ከቡድኑ ተለይተው ፔርቪዝ በምትባል የፈራረሰች መንደር አንድ ምድር ቤት ውስጥ የሕክምና ጣቢያ ከፈቱ። ምሽጉ ከዚያ 100 ሜትር ገደማ ነው። ቤቱ በመድፍ ሲመታ ወደ ሌላ ቤት እየተዛወሩ እስከ 1918 ቆዩ። መጨረሻ ላይ ያስወጣቸው የመርዝ ጋዝ ነው።

የቤልጂየም ንጉሥ አልበርት ኒሻን ሰጣቸው። በ1917 ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሜዳሊያ አገኙ። ጋዜጣው የፔርቪዝ ማዶናዎች (ማዶና ማለት እመቤታችን ማርያም ናት) አላቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ጓደኝነቱ ፈረሰ። ኤልሲ በ1978 ነው የሞተችው፣ ማይሪ በ1981። በዚያ ሁሉ ዘመን እንደ ድሮው አልሆኑም። እኔን የሚያንገበግበኝ ልብ ወለድ 1918 ላይ ተቃቅፈው ሲያቆማቸው ነው።

የጎፋው፦
አልገባኝም። ልብ ወለድ የፈለገበት ቦታ ላይ ቢያቆም ምን አለበት? የሕይወት ታሪክ አይደለ። ደግሞ ካለቀ በኋላ የሆነውን እያየሽ ያኔ የነበረውን መካድ የለብሽም። ከሃይስኩል ጓደኞችሽ ስንቱ ጋር ነው ዛሬ የምትደዋወዪው? ታዲያ ያኔ ውሸት ነበር? በመድፍ ሥር ሦስት ዓመት ተኩል አብሮ መኖርን የኋላ ፀብ አይሰርዘውም።

አንባቢት፦
ያኔ ውሸት ነበር አላልኩም። ያልኩት ሌላ ነው። ያቺ ጣፋጭ ሥዕል ደራሲዎች ዛሬ የፈጠሯት አይደለችም። እዚያው ጦርነቱ ላይ ነው የተሠራችው፣ ለገንዘብ። እነዚህ ሴቶች ደሞዝ የሚከፍላቸው መንግሥት አልነበረም። ፋሻው፣ ቤንዚኑ፣ ለወታደር የሚያድሉት ሾርባና ትኩስ ካካዎ በመዋጮ ነው የሚገዛው። ስለዚህ በየጊዜው ወደ እንግሊዝ እየተመለሱ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ያደርጉ ነበር። በ1916 ስለ እነሱ መጽሐፍ ወጣ። ፎቶ ተነሱ። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ሁለት ጀግና እህትማማች መሳይ ሴቶች ማየት ነው የሚፈልገው፤ ስለ ኩርፊያቸው መስማት አይፈልግም። ልብ ወለዱ የወረሰው ይህንን የመዋጮ ፖስተር ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከመቶ ዓመት በኋላ ማን እንዲያዋጣ ነው ፖስተሩን የምንሰቅለው?

መምህር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለምን ቤልጂየም? የሚለው ጥያቄ በልብ ወለዶቹ ይዘለላል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሴትን ግንባር አካባቢ ማየት አይፈልግም ነበር። ስኮትላንዳዊቷ ሐኪም ኤልሲ ኢንግሊስ ሙሉ ሆስፒታል ይዤ ልምጣ ብላ ስትጠይቅ፣ ቤትሽ ግቢና አርፈሽ ተቀመጪ ተባለች ይባላል። እሷም ሆስፒታሎቿን ለፈረንሳይና ለሰርቢያ ሰጠች። ቤልጂየም ደግሞ በ1914 መገባደጃ አብዛኛው አገሯ በጀርመን ተይዟል። የቀረቻት ከኢዘር ወንዝ ጀርባ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። እሷንም ያተረፏት ኒውፖርት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የባሕሩን ውሃ መዝጊያ ከፍተው ሜዳውን በውሃ ስላጥለቀለቁት ነው። እንዲህ የተጨነቀ ጦር የመጣለትን እርዳታ ሁሉ ይቀበላል። ሁለቱ ሴቶች እዚያ የቆዩት በዚህ ክፍተት ገብተው ነው። ጀግንነት ብቻ አይደለም፤ ማን ከልካይ እንደሌለ ማወቅም ነው።

ስለ ፀቡ ግን አንባቢት ትንሽ ቸኩለሻል። ምክንያቱ በእርግጠኝነት አይታወቅም። የሚታወቀው ይህ ነው። ኤልሲ ኖከር ከጦርነቱ በፊት ባሏን ፈትታ ወንድ ልጅ ነበራት። በዚያ ዘመን ፍቺ ነውር ስለነበር ባሌ ሞቷል ትል ነበር። በ1916 አንድ የቤልጂየም ባላባት አብራሪ አገባች። እሱ ካቶሊክ ነው። እውነቱ ሲወጣ ትዳሩ ፈረሰ። ከማይሪ ጋር የተለያዩትም በዚሁ ውሸት ነው ብለው ብዙዎች ያያይዙታል። ማያያዝ ግን ማረጋገጥ አይደለም።

የጎፋው፦
አያችሁ! መምህር አፌን ሞሉልኝ። ታዲያ ደራሲው ምን ይጻፍ? ባል አለኝ የለኝም ያለችውን? የሞተች ሴት ገመና እኮ ነው። የመቶ ዓመት ሐሜት ታሪክ አይባልም። ኤልሲ ያንን የዋሸችው እውነቱን ብትናገር ማንም ስለማያስጠጋት ነው። ኒሻኑም አምቡላንሱም አይኖርም ነበር። ወንዱ ጄኔራል አራት ቅምጥ ቢኖረው ልብ ወለዱ ስለ ጦር ስልቱ ነው የሚያወራው።

ሲስተር፦
እኔ ከስቶክሆልም ነኝ፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ስለ ገመናው አልገባም። እኔን የሚያናድደኝ ሁላችሁም ሥራውን መርሳታችሁ ነው። ልብ ወለዱም ይረሳዋል። ጦር ሜዳ ላይ ትኩሳት ያለበትን ወታደር ፊት በእርጥብ ጨርቅ መዳበስ! የሁሉም መጽሐፍ ነርስ ይህን ነው የምታደርገው።

ኤልሲ ያየችው ነገር ቀላል አልነበረም። ቁስለኛው በቁስሉ ብቻ ሳይሆን በመንገዱ ነው የሚሞተው። ደም ፈሶት፣ በርዶት፣ በተቦረቦረ መንገድ ላይ እየተንገጫገጨ ኪሎሜትሮችን ሲሄድ ሾክ ውስጥ ይገባል፤ ማለትም የደም ዝውውሩ ይዳከማል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያው ምሽጉ አጠገብ አሙቁት፣ አሳርፉት፣ ከዚያ ይሂድ አለች። ዛሬ እኛም ደም የፈሰሰውን ሰው ቶሎ እናሞቃለን፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ደም መርጋት እምቢ ይላል። ምድር ቤቱ ለዚህ ነው እዚያ የተከፈተው። ጀብድ ፍለጋ አይደለም። ይህ ሐሳብ በአንድ ገጽ ቢጻፍ የሁለቱን ፍቅር ከምንም በላይ ያሳያል። አንዷ ሐሳቡ አላት፣ ሌላዋ መብራት ሳታበራ በጭቃ ውስጥ አምቡላንሱን ትነዳለች። አንዷ ያለ ሌላዋ ዋጋ የላትም።

ስለ ጓደኝነትም ልንገራችሁ። አብሮ ሌሊት መሥራት ሰውን ያስተሳስራል። ግን የሚያስተሳስረው ሥራው ነው። ሥራው ሲያልቅ ምን እንደምታወሩ ይጠፋችኋል። ለፀብ ትልቅ ምክንያት የግድ አያስፈልግም።

አንባቢት፦
ሲስተር፣ ይህን ነው እኮ የምፈልገው! ልክ ይህንን የጻፈ ደራሲ ስጪኝ፣ ፀቡን ከነአካቴው ቢተወው ይቅርታ አደርግለታለሁ።

ካዛንቺስ፦
ዘግይቼ ገባሁ። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ስለ ጦርነት ከሰው አገር መጽሐፍ የምንማር ሕዝብ ነን እንዴ? በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1928 ጣልያን ሲገባ እቴጌ መነን የሚመሩት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭንብል ሲያዘጋጅ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ነርስነት ተምረው ነው የተመለሱት። ስንዱ ገብሩ ተይዘው ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከበደች ሥዩም ባላቸው አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ ጦር መርተዋል። ከነሱ ጀርባ ደግሞ ስንቅ የተሸከመች፣ ውሃ የቀዳች፣ ቁስለኛ በቃሬዛ ያነሳች ስሟ ያልተጻፈ ሴት አለች። የሁለት ጓደኛ ልብ ወለድ ከተፈለገ ከዚህ ይጀመር።

መምህር፦
ልክ ነህ ልጄ፤ ግን እንዲህ አስበው። ስለ ፔርቪዝ ሴቶች መጨቃጨቅ የቻልነው ማስታወሻ ስለጻፉ፣ ፎቶ ስላነሱ፣ ወረቀታቸውም ሙዚየም ስለገባ ነው። ብዙዎቹ እንግሊዛውያን በጎ ፈቃደኛ ነርሶችም ያለ ደሞዝ መሥራት የሚችሉ፣ የደህና ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። የሚጽፍ ሰው የሚያነብለት ዘመድ አለው። የኛይቱ ስንቅ ተሸካሚ ማታ ላይ ማስታወሻ ደብተር አልከፈተችም። ስለዚህ ስለሷ የሚጽፍ ደራሲ ከራሱ መፍጠር ግዴታው ነው። እውነት አትንካ የሚለውን ሕግ ካጠበቅነው መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት።

አንባቢት፦
መምህር፣ እርስዎ ከባድ ሰው ነዎት። ግን ሁለቱን እንለያቸው። መረጃ በሌለበት ይፈጠር፣ ደስ ይለኛል። የኔ ፀብ መረጃ ካለ ሰው ጋር ነው። ምክንያቱን ባናውቅም መለያየታቸውን እናውቃለን። ደራሲው ምክንያቱን ይፍጠር፤ ልብ ወለድ ለዚህ አይደል? መለያየቱን ግን አይደብቅ። ወይም ስማቸውን ይቀይርና የራሱን ሴቶች ይሥራ።

ካዛንቺስ፦
በስም መቀየሩ እስማማለሁ። ስም ከቀየረ ደግሞ ፔርቪዝ የግድ አይደለም፤ ኮረም ላይ ያድርገው። እዚያም ጋዝ ነበር።

የጎፋው፦
እኔ አልተረታሁም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ አንባቢት። አክስትሽ ብትሆንስ? በሕይወት ሳለች ሞቷል ያለችው ባሏ በሰው መጽሐፍ ውስጥ ከነነፍሱ ሲመጣ፣ ገዝተሽ ታነቢው ነበር?

አንባቢት፦
ከንባብም አልፌ ለዘመድ አድል ነበር። ገመና የሚባለው ባለቤቱ የዘጋው በር ነው። ኤልሲ በ1964 የሕይወት ታሪኳን ራሷ ጽፋ አሳትማለች። እኔን እዩኝ ብላ አደባባይ የወጣች ሴት ናት፤ ከዚያ ውስጥ ሞተር ሳይክሏንና ኒሻኗን ወስዶ ሌላውን መተው አክብሮት አይመስለኝም። ፍቺዋን ከጠየቃት ሰው ሁሉ የምትሸሽግ፣ ልጅ ያላት፣ ከሁሉ በላይ ጥይት አጠገብ መኖር የቀለላት ሴት ናት። ይህችን ሴት አንድ ሰው ይጻፍልኝ።

ሲስተር፦
ማይሪንስ? ስለሷ ማንም ምንም አላላችሁም። በ18 ዓመቷ ሄዳ በ22 ነው ያበቃችው። ጋዙ በመጋቢት ሁለቱንም መታ፤ ኤልሲ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም፣ ማይሪ ግን ተመልሳ ሄዳ እንደገና በጋዝ ተመታች። ኋላ ዶሮ እርባታ ውስጥ ገብታ ኖረች። እኔ የምጽፈው እሷን ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም ዶሮዎቿ ይኖራሉ።