የጋራው ፕሮፖዛል፣ ክፍል 2፦ ገጽ 4 ይስተካከል ወይስ ይቆይ?

ጸሐፊ፦ የማኅበራችን ፕሮፖዛል ማስገቢያ አርብ ይዘጋል። ዓላማው ያው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የፌምቶሰከንድ (የቢሊዮንኛ ሰከንድ ሚሊዮንኛ) ኢንፍራሬድ ሌዘር ላብራቶሪ ከፍቶ የውሃ ሞለኪውሎች ሲያያዙና ሲለቃቀቁ ማየት። እንደ አምናው መውደቅ አንፈልግም። የሚናገር ዛሬ ይናገር።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 4 ላይ «ከባድ ውሃ» የሚለው ይውጣ። ጉምሩክ ኑክሌር ነው ብሎ እቃውን ሁሉ ይይዘዋል።

የአምስተርዳሙ፦ ምኑ ነው ኑክሌር? ጨረር እንኳ የለውም። ሃይድሮጂኑ በዲዩቴሪየም፣ በከባዱ ሃይድሮጂን፣ የተተካ ውሃ ነው፣ አለቀ። ሬአክተር የሚፈልገው በቶን ነው፤ እኛ የምንፈልገው በሁለት የካልሲየም ፍሎራይድ መስኮቶች መሃል የምትገባ ጠብታ!

ገንዘብ ያዥ፦ ጠብታ መሆኗን መጥተህ ለጉምሩክ አስረዳ።

ጸሐፊ፦ በተራ ውሃ ብንሠራስ?

የአምስተርዳሙ፦ አይሆንም። በተራ ውሃ አንዱን ኦኤች (የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥንድ) በመጀመሪያው የሌዘር ምት ስታንቀጠቅጠው ጉልበቱ በ100 ፌምቶሰከንድ አካባቢ ወደ ጎረቤቱ ይዘላል፣ ሁለተኛው ምት ሲደርስ የማንን እንደምታይ አታውቅም። ትንሽ ከባድ ውሃ ጠብ ስታደርግበት ግን ኦዲው (የኦክስጅንና የዲዩቴሪየም ጥንድ) ብቻውን ይቀራል፤ በ4 ማይክሮሜትር ብርሃን ትመታዋለህ፣ ጉልበቱን 2 ፒኮሰከንድ (2,000 ፌምቶሰከንድ) ገደማ ይዞ ይቆያል። የሃይድሮጂን ትስስሩ የሚለዋወጠው በ1 ፒኮሰከንድ አካባቢ ስለሆነ ለማየት ጊዜ አለህ። ከባድ ውሃው ከወጣ ፕሮፖዛሉም ወጣ ማለት ነው።

የአዲስ አበባዋ፦ እናንተ በስም ተጨቃጨቁ። እኛ ጋ መብራት ይጠፋል። ለሌዘሩ የክፍሉ ሙቀት ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ ዲቴክተሩ ፈሳሽ ናይትሮጂን ይጠጣል፣ በጀቱ ላይ ለጄኔሬተር አንድ መስመር የለም።

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ቃሉ።

ጋሼ (ሜሪላንድ)፦ «ዲዩቴሬትድ ውሃ» በሉትና እንለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጋሼ፣ ያው ነው። ጎግል ያደርጉታል።

የአምስተርዳሙ፦ አንተ ማኅበር ነህ ጉምሩክ? አምናም ሌዘሩን ከበጀት ያስወጣው ያንተ ፍርሃት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አፍህን ሰብስብ! ያለ ደረሰኝ የቀረውን ሂሳብ ማን ከኪሱ እንደሸፈነ ሁሉም ያውቃል።

ጋሼ (ሜሪላንድ)፦ ተዉ እንጂ ልጆች። ታዮሳያኔት የሚባለውን ጨው በተራ ውሃ አሟሙ። 2060 የሞገድ ቁጥር (በሴንቲሜትር 2060 ሞገድ) አካባቢ ለብቻው ይጮኻል፣ ማንም አይፈራውም።

የአምስተርዳሙ፦ ይቅርታ፣ ቃል አምልጦኝ ነው። ጋሼ ያሉት ይሠራል፣ ግን ያኔ የምናየው ውሃው እንግዳውን እንዴት እንደሚነካካው ነው። ሌላ ጥያቄ ነው።

ጸሐፊ፦ ሌላ ይሁን። የሌዘሩን ፕሮፎርማ አመጣለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ማክሰኞ «ነገ» ብሎ ነበር።

ጸሐፊ፦ ኧረ አለህ?

የአዲስ አበባዋ፦ የለም። ፕሮፎርማ ከሌለ ሌዘር አትጻፉ። የቆመ ኤፍቲአይአር (ተራው የኢንፍራሬድ መለኪያ) አለን፣ እሱን እናስጠግን፣ ልጆችም ውጭ ይሠልጥኑ።

የአምስተርዳሙ፦ ኤፍቲአይአር እኮ አማካዩን ነው የሚሰጥሽ። የእስክስታ ፎቶ በይው፤ ትከሻው አይንቀሳቀስም።

የአዲስ አበባዋ፦ እስክስታውን እናንተ ጋ ያዩታላ። ስንት ትቀበላለህ?

የአምስተርዳሙ፦ ሁለት። ሦስተኛ አልችልም።

ጸሐፊ፦ ርዕሱ «የኢንፍራሬድ ጥገናና ሥልጠና» ሆኗል። ሌዘሩ ወደ አባሪ ወርዷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ገጽ 4 ላይ አሁንም «ከባድ ውሃ» ይላል።