ምርቃናን ወተት ይሰብረዋል ወይ?

እንቅልፍ ያጣ፦ ሰላም ቤተሰብ እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ከ8 ሰዓት እስከ 12 ጫት እንቅማለን፣ ከዛ ቤት ገብቼ በጎኔ ስተኛ ልቤ ትራሱ ላይ ድው ድው ሲል ይሰማኛል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ አይኔ አይከደንም። አንዱ ወተት ጠጣበት ይለኛል ሌላው ሁለት ቢራ ጨብስበት ይለኛል። ቆይ ይሄ ነገር ሰውነት ውስጥ ስንት ሰዓት ነው የሚቆየው? በምንስ ነው የሚወጣው?

ፋርማሲስቷ፦ ወንድሜ ወተቱም ቢራውም አያወጣውም። የጫት ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል፣ አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ዘመድ ነው። ከጉንጭህ ቀስ እያለ ነው ደም ውስጥ የሚገባው፣ መቃም ከጀመርክ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው ጣሪያ የሚነካው። ከዛ ጉበትህ አብዛኛውን ኖርኤፌድሪን ወደሚባል ነገር ይቀይረውና በሽንት ይወጣል፣ እንዳለ ሳይቀየር የሚወጣው ከመቶ 7 እንኳን አይሞላም። ካቲኖኑ ቶሎ ነው የሚቀንሰው፣ አብሮት ቅጠሉ ውስጥ ያለው ደከም ያለ አነቃቂ፣ ካቲን የሚባለው ግን ግማሹ ለመውጣት ብቻ 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እና አስበው፣ 12 ሰዓት ላይ ብታቆም ማታ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይም ሩቡ አለ። ጨብሲ ጉበትህን አያፈጥነውም፣ ድካም ይጭንብህና የወጣልህ ይመስልሃል፣ ልብህ ግን ሁለቱንም ነው የሚሸከመው። እባክህ ግፊትህን ተለካ።

የአወዳይ ልጅ፦ እሷ ያለችው ልክ ነው። ካቲኖን እኮ አፍ ውስጥ ሳይገባም ይቀየራል፣ ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ሶስት ቀን ሲጠወልግ ወደ ካቲን ይለወጣል፣ ለዚህ ነው እኛ ጋ ውሃ ረጭተው በቅጠል ጠቅልለው መኪናው እንደዛ የሚበረው፣ ያደረ ጫት ዋጋው የሚወድቀውም ለዚሁ ነው።

ነርስ ነኝ፦ ቡናስ አብራችሁ ትጠጣላችሁ? የካፌይንም ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስድ ሴት ላይ ደግሞ እጥፍ ያህል ይቆያል፣ ስለዚህ እህቶችም እዚህ ካላችሁ ልብ በሉ።

እንቅልፍ ያጣ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናውን አላሰብኩትም ነበር፣ 11 ሰዓት ላይ ሁለት ስኒ እንጠጣለን። ጨብሲውን ትቼዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ግፊቴን እለካለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ጎበዝ። ልብህ ከዚህ በላይ ከመታ ወይ ደረትህን ከወጋህ ግን ነገን አትጠብቅ፣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ፣ የቃምከውንም አትደብቃቸው።