ከጅማ ተነስቶ ጳጉሜን ሞምባሳ ማሳለፍ፦ ይገባል ወይስ አይገባም?

የጅሬኑ መምህር፦
ወገኖቼ፣ ትናንት ቡና ላይ የተጋጋለውን ነገር እዚህ ላምጣው። ሰባት ሆነን ከእቁባችን ጎን ለጎን በየወሩ ለጉዞ ብለን ያስቀመጥነው ብር አለ፤ ሁለት ዓመት ሞላው። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ሞገድ፣ ስለ ኮራል፣ ጨረቃ ባሕርን ስለምትስብበት ኃይል ሰሌዳ ላይ ስስል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የባሕር ውኃ ግን እግሬን ነክቶት አያውቅም። ከሰባታችን ባሕር ያየ አንድም የለም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፤ አምስቱንም ሞምባሳ እናሳልፍ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። የአውሮፕላን ቲኬትና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ማደሪያ ብቻ ይዘን እንሂድ፣ የቀረውን እዚያው ደርሰን እንወስን። ይህን ስል ሁለት ተቃውሞ ተነሳብኝ። አንደኛው፣ አገር በዶላር እየተቸገረች ለመዝናናት ውጭ መውጣት ነውር ነው የሚል። ሁለተኛው፣ ፕሮግራም ሳይዙ መሄድ ግዴለሽነት ነው የሚል። የመሰላችሁን ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

የቦሳዋ ነርስ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ አልደግፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወዲያው መቶን አለፈ። ይህ ቁጥር ለእኔ ወሬ አይደለም። የመድኃኒት ወረቀት ይዘው ሦስት አራት መድኃኒት ቤት ዞረው ባዶ እጃቸውን የሚመለሱ አስታማሚዎችን በየቀኑ አያለሁ። ያጡት መድኃኒት ከውጭ የሚገባ ነው። የሰባት ሰው ወጪ አገር አያድንም ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ሰው ግን እንዲያ እያለ ነው የሚያወጣው።

ደግሞስ የራሳችንን አይተን ጨረስን? ዝሆን በመንጋ የሚታይበት ጨበራ ጩርጩራ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዳውሮ ላይ ሀላላ ኬላ አለ። መዋኘት ከሆነ ላንጋኖ አለ። ቦንጋ የቡና ሙዚየም አለ፤ ከጅማ የሄደ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

የአጂፑ ቡና ነጋዴ፦
እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ ሒሳቡን ግን አብረን እንየው። ከወጪው ሁሉ ትልቁ ቲኬቱ ነው። እሱን እዚሁ በብር፣ ለራሳችን አየር መንገድ ነው የምንከፍለው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ፣ ሁሉም በአንድ ቲኬት ያልቃል። በውጭ ገንዘብ የሚወጣው ማደሪያ፣ ምግብና ታክሲ ነው። እሱም በሕጉ መሠረት ከባንክ፣ ቲኬትና ፓስፖርት አሳይቶ የሚገዛ እንጂ ከጥቁር ገበያ አይደለም።

ሌላም አለ። ለዚህች አገር ዶላር የሚያመጣው የማናና የጎማ፣ የሊሙ ገበሬ ነው። የእሱ ልጅ አምስት ቀን ባሕር ልይ ሲል ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

አምና ለሥራ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ማታ ማታ፣ ከሰል ላይ የተጣደ ረጅም የናስ ማንቆርቆሪያ ይዘው ቡና የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ‹ካሐዋ ቹንጉ› ይሉታል፤ መራራ ቡና ማለት ነው። ስኳር የለውም፣ ስኒው የእኛን ያህል ነው፣ ከጎኑ ካሻታ የሚባል የለውዝ ጣፋጭ ይበላል። ፍሬው ከየት እንደመጣ ጠየቅሁ፣ እነሱም ስለ እኛ ቡና አፈላል ጠየቁኝ። እዚያው ቆመን አንድ ሰዓት አለፈ። ለቡና ሰው ይህ ትምህርት ነው።

የቦሳዋ ነርስ፦
ቲኬቱ በብር ተከፈለ ማለት የአውሮፕላኑ ነዳጅ በብር ተገዛ ማለት አይደለም። ሌላው ያሉት ልክ ነው፤ ይህን ግን ለማሳመን ብለው አይዝለሉት።

የአጂፑ ቡና ነጋዴ፦
ልክ ነሽ፣ ይህን አልክድም።

የመንደራዋ፦
እኔ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብቻ ልናገር፤ የተጎዳሁበት ስለሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእህቴ ጋር ዛንዚባር ሄጄ ነበር። ሁሉንም ነገር በአንድ ጥቅል የሸጠልን አንድ የጉዞ ወኪል ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምሳው፣ መኪናው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ተሰጠን። በሦስተኛው ቀን በምሥራቁ ዳርቻ ለመዋኘት የተያዘልን ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ደረስን፤ ባሕሩ የለም! ውኃው በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሸሽቶ አሸዋና የባሕር ሣር ብቻ ነው የቀረው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽ ማንም አልነገረን። ነገ ጠዋት ተመልሰን እንምጣ ስንል ‹ነገ ጠዋት የቅመም እርሻ ነው የተያዘላችሁ፣ ከቀራችሁ ብሩ አይመለስም› ተባልን። እህቴ ያን ቀን አለቀሰች። ያን ያህል ቆጥበን ሄደን፣ ውኃው ውስጥ የገባነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ ቀኖቻችሁን በሰው ወረቀት አትሰሩ። መሙያው ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ስትደርሱ የሆቴሉን ዘበኛ ወይም ዓሣ አጥማጅ ‹ዛሬ ውኃው ስንት ሰዓት ይሞላል?› ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ የቀረውን ቀን በዙሪያው አድርጉት። ውኃው ሲሸሽ የሞምባሳን አሮጌ ምሽግ ማየት፣ ሲሞላ መዋኘት። ኮራል ላይ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ፣ ኮንጎ ጫማ ያዙ።

ሞምባሳን መምረጣችሁም ጥሩ ነው። ለታንዛኒያ ቪዛ ቀድሞ ማመልከት አለ። ዛንዚባር ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ጀምሮ ለውጭ ጎብኚ በግድ የሚገዛ የ44 ዶላር ኢንሹራንስ አስገብታለች። ለሰባት ሰው አባዙት።

የሂርማታው፦
ከሰባቱ አንዱ ነኝ፤ የምቃወመውም እኔ ነኝ። የመንደራዋ እህታችን፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል፤ የበደለሽ ግን መጥፎ ፕሮግራም ነው እንጂ ፕሮግራም መያዝ አይደለም። እኔ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን በራሴ ወጪ ጨምሬ ነው የምሄደው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በማናውቀው ከተማ፣ ከነሻንጣችን፣ ልጅ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ማደሪያ መፈለግ አልችልም። ብቻውን የሚሄድ ወንደላጤ ይችላል። የድንበር ሠራተኛም የመመለሻ ቲኬትና የምታርፉበትን አድራሻ ሊጠይቅ ይችላል። ‹ደርሰን እንወስናለን› ልንለው ነው?

ሞምባሳ ደግሞ ራሷ ደሴት ናት፤ ዋናው ነጭ አሸዋ ያለው ዲያኒ በስተደቡብ ማዶ ነው። ወደዚያ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገራሉ። ለእግረኛ ነፃ ነው፣ ግፊያው ግን ብዙ ነው ይባላል። ማደሪያ ዛሬ ደሴቱ ላይ፣ ነገ ዲያኒ፣ ከነገ ወዲያ ከደሴቱ በስተሰሜን ማዶ ያለችው ኒያሊ እያልን ስንዘዋወር ከአምስቱ ቀን ሁለቱ በሻንጣ ያልቃል።

የቆጪው፦
ለምን በመኪና በሞያሌ አንሄድም? መንገዱ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ ባቡር አለ። በግማሽ ዋጋ እንጨርሰዋለን።

የጅሬኑ መምህር፦
ወንድሜ፣ አንድ ወር ቢኖረን እኔም እመርጠው ነበር። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ብቻ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል። አምስት ቀናችን መንገድ ላይ ያልቃል።

የድሮው ሹፌር፦
ልጆቼ፣ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር። እኔ ባሕርን አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው አሰብ እመላለስ ነበር፣ የዚህ አገር ቡና በዚያ ነበር የሚወጣው። ሚሌን አልፈህ ወደ ቡሬ ስትወርድ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ይመታሃል። አሰብ ስንደርስ ለመታጠብ ብለን ባሕሩ ውስጥ እንገባለን፤ ስንወጣ ጨው ሰውነታችን ላይ ይደርቅና ቆዳችን ነጭ ይሆናል። ልብሴም እንደዚያው። ቤት ስመለስ ባለቤቴ ያን ልብስ ሁለት ሦስት ውኃ ቀይራ ነበር የምታጥበው። ‹ምን ይመስላል?› ትለኝ ነበር። ‹አንድ ቀን እወስድሻለሁ› እላታለሁ።

አሥራ አራት ዓመት ጨዉን ከልብሴ ላይ አጠበች። ከዚያ ኤርትራ ተለየች፣ በ1990 ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ እኔም ከመሪ ወረድኩ። እሷም ባሕሩን ሳታይ አለፈች።

ነርሷ ልጄ፣ ያልሽው ስለ ድሃ ነው፣ አላህ ይባርክሽ። ግን እኒህ ሰዎች ብሩን ከማንም አልወሰዱም። ሂርማታው፣ አንተ ባለቤትህን መውሰድህን አትተው። ለልጆቹ ስትል አልጋውን አስቀድመህ ያዝ፤ ቀኑን ግን ክፍት ተወው። ነፋሱ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ጀልባ የማይወጣበት ቀን አለ፣ ባሕሩ እንደ መስታወት የሚተኛበት ቀንም አለ። እሱን ከጅማ ሆነህ ልታውቀው አትችልም።

የቦሳዋ ነርስ፦
አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ሐሳቤ አልተለወጠም፣ ይህን በግልጽ ልናገር። በዚህ ችግር መካከል ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው አይመስለኝም። የምትሄዱ ከሆነ ግን ታማችሁ እንድትመለሱ አልፈልግም። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ኬንያ ስትገቡ ቢጫውን የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ባሕሩ ዳርቻ ላይ የወባ በሽታም አለ፤ ጅማ ለምደነዋል ብላችሁ አትዘናጉ፣ አጎበር የሌለበት አልጋ ላይ አትተኙ። ፌስታል ይዛችሁ አትግቡ፣ ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

አንድ ነገር ቃል ግቡልኝ፣ የሚቀጥለው ቁጠባ ለጨበራ ጩርጩራ ይሁን። እኔም እገባበታለሁ።

የሂርማታው፦
አባባ፣ ሰምቻለሁ። አራቱም ሌሊት አንድ ቦታ፣ ኒያሊ በኩል፣ ሳንዘዋወር የምናድር ከሆነ የቀኑን ጉዳይ ለእናንተ ትቻለሁ።

የጅሬኑ መምህር፦
እንግዲያው ሐሳቤን አሻሽላለሁ። አራቱም ሌሊት ኒያሊ ይያዛል። የየቀኑ ፕሮግራም አይኖርም፤ ጠዋት የውኃውን ሰዓት ጠይቀን እንወስናለን። ፖርቱጋሎች ከ1593 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠሩትን የኢየሱስ ምሽግ ውኃው በሚሸሽበት ሰዓት እናየዋለን። ዲያኒ መሻገር የፈለገ ደርሶ ይመለሳል። የኬንያ ትምህርት ቤቶች በነሐሴ ተዘግተው ሰው ስለሚበዛ፣ ከተከፈቱ በኋላ፣ ጳጉሜ ላይ ማደሪያው ይረክሳል ብዬ አስባለሁ። እያንዳንዳችን ከባንክ የምንገዛው ገንዘብ ላይም ጣሪያ እናስቀምጥ፤ ነርሷ ካለችው በኋላ ይህን ሳልል ማለፍ ይከብደኛል። ጨበራ ጩርጩራም ተመዝግቧል፤ ከመስከረም ጀምሮ እንቆጥባለን፣ ሰባት የነበርነው ስምንት ሆነናል።

ነርሷ አሁንም አልተስማማችም፤ በዚያ ላይ መከራከር የሚፈልግ ይቀጥል።

ሰኞ ጠዋት ለክትባቱ አብረን እንሄዳለን። ኮንጎ ጫማ የሌለው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ሄዶ ይግዛ። አባባ፣ እርስዎ ፓስፖርት አለዎት?